በጎሞር ስለ መስፈር

ለባልንጀራ የሚገባውን ድርሻ ስለ መስጠት የተጻፈ ምክር



ይህች ትንሽ ጽሑፍ በእጅህ በገባች ጊዜ፥ ስለ ምጽዋት የምትናገር መስላህ ቶሎ አታስቀምጣት። ስለ ምጽዋት ብዙ ጊዜ ሰምተሃል፤ ምናልባትም ብዙ ጊዜ መጽውተሃል። እኛ ግን በዚህ ስፍራ የምንነግርህ ከምጽዋት የሚቀድመውን ነገር ነው። ሰው ከገዛ ገንዘቡ ከፍሎ ለድኃ ቢሰጥ መጸወተ ይባላል። የድኃውን ድርሻ በቤቱ ይዞ ቆይቶ ከዚያው ጥቂቱን ቢመልስለትስ ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ በልብህ ይዘህ እስከ መጨረሻው ታነብ ዘንድ እንለምንሃለን፤ በፍጻሜው አንድ ቀራጭ ሰው መልሱን ይነግርሃልና።

1. መናው እንዴት እንደ ተሰፈረ

የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ በተራቡ ጊዜ፥ እግዚአብሔር መናን ከሰማይ አወረደላቸው። ታሪኩም በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 16 ተጽፎአል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ተአምራቱን ብቻ ያስታውሳሉ፤ መናው እንዴት እንደ ተከፈለ ግን አያስተውሉም። እግዚአብሔር መብሉን በሰጠ ጊዜ መስፈሪያውንም አብሮ ሰጠ። መስፈሪያውም ጎሞር ይባል ነበር፤ እርሱም የኢፍ አሥረኛ እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር ተወሰነ። በድንኳኑ አሥር ነፍስ ያለው አሥር ጎሞር፥ ሁለት ነፍስ ያለው ሁለት ጎሞር ይወስድ ነበር። ልኩ የተቈጠረው በተመጋቢው ቍጥር ነበር እንጂ በለቃሚው ጉልበት አልነበረም።

ሊለቅሙ በወጡ ጊዜ ሁሉም እኩል አልለቀሙም። በአንድ ሕዝብ መካከል ብርቱና ደካማ፥ ጎልማሳና ሽማግሌ አይጠፋምና፥ አንዱ ብዙ አንዱ ጥቂት ሰበሰበ። በጎሞር በተሰፈረ ጊዜ ግን የብርቱው ትርፍ ጠፋ፥ የደካማውም ጉድለት ተሞላ። አስተውል፤ ሙሴ ብዙ የለቀመውን ሰው ስለ ምን ብዙ ለቀምህ ብሎ አልነቀፈውም። መልቀም ኃጢአት አይደለም፤ ብርታትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ቍጣ የመጣው በኋላ ነው፤ ይኸውም አንዳንዶቹ ትእዛዙን ትተው እስከ ነገ ባስቀሩት ጊዜ ነው። ያስቀሩት መና ትል አፈላ፥ ገማም።

ደግሞ ይህን ልብ በል። በስድስተኛው ቀን ለሰንበት ብለው ሁለት እጥፍ በሰበሰቡ ጊዜ፥ ያው መና ሌሊቱን ሳይበላሽ አደረ። እንግዲህ መናው አንድ ነው፤ ማሰሮውም አንድ ነው፤ የተለየው የተቀመጠበት ምክንያት ነው። እግዚአብሔር ያዘዘው ማስቀመጥ በረከት ሆነ፤ ስስት ያስቀመጠው ግን ትል ሆነ።

ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 8 ይህንኑ ታሪክ ያነሣል። በኢየሩሳሌም ለነበሩት ድኆች ቅዱሳን ርዳታ ይሰበሰብ ነበርና፥ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፥ ጊዜም ሲለወጥ የዚያው ሌላው ትርፍ የእነርሱን ጉድለት እንዲሞላ መከራቸው። ሌሎቹ አርፈው እነርሱ እንዲጨነቁ አልፈለገም፤ ትክክል እንዲሆኑ ፈለገ እንጂ። የምድረ በዳው ጎሞር ለክርስቲያኖችም መስፈሪያ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በምድረ በዳ ሕዝቡ በታዘዘው ልክ ሰፈረ፤ በክርስቶስ ቤት ግን እያንዳንዱ በፍቅር ተገድዶ የገዛ እጁን ይሰፍራል።

2. ጽድቅ ስለሚባለው ቃል

በአገራችን ሰው ለድኃ ሲሰጥ «ለጽድቅ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ከምናስበው ይልቅ ጥልቅ ነው። ጽድቅ የሚለው ቃል የግዕዝ ነው፤ በዕብራይስጥም ከዚሁ ሥር የወጣ ጸዳቃ የሚባል ቃል አለ። ነቢያት ስለ ቅን ፍርድ ሲናገሩ በዚህ ቃል ይናገራሉ፤ አይሁድም በኋለኛው ዘመን ለድኃ የሚሰጠውን ገንዘብ በዚሁ ስም ጠርተውታል። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ለድኃ መስጠት የፍትሕ ክፍል ነው። ዳኛ ለባለ ርስቱ ርስቱን ሲፈርድለት ቸር ነው አይባልም፤ ትክክል ፈረደ ይባላል።

የኦሪት ሕግም እንዲሁ ነው። በዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ባለ እርሻው መከሩን ሲያጭድ የእርሻውን ዳርቻ ፈጽሞ እንዳያጭድ፥ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ታዘዘ። በዘዳግም በምዕራፍ 24 ደግሞ በእርሻው ረስቶት የሄደውን ነዶ ሊወስድ እንዳይመለስ ተነገረው፤ ያ ለመጻተኛው፥ ለድኃ አደጉና ለመበለቲቱ ነውና። እንግዲህ ባለ እርሻው ቃርሚያውን ሰጠ ሊባል አይችልም፤ ሕጉ አስቀድሞ ለይቶታልና። ከዳርቻው የሚለቅመው ድኃም ድርሻውን የሚወስድ ነው እንጂ ለማኝ አይደለም።

ሩት ሞዓባዊት በቤተ ልሔም በቃረመች ጊዜ ቦዔዝ ያደረገውን ተመልከት። ከአጫጆቹ አጠገብ አስቀምጦ ከመብላቸው አበላት፤ ከነዶው መካከልም ሆን ብለው እንዲጥሉላት፥ እንዳይወቅሷትም ጎልማሶቹን አዘዘ። እርሷም እስከ ማታ ቃርማ በወቃችው ጊዜ አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነላት። ኢፍ አሥር ጎሞር ነው። ቦዔዝ እህሉን በሰልፍ አቁሞ፥ ስሟን አስጠርቶ፥ ሰው እያየ አልሰጣትም። በእጇ ሥራ ያገኘችው ሆኖ ወደ ቤቷ ተሸክማው እንድትሄድ አደረገ። የሰውን ፊት ሳያሳፍሩ ድርሻውን መስጠት ከፍትሕ ሁሉ የሚያምር ፍትሕ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት በዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ይገኛል። በዚያ እግዚአብሔር ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፥ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ነገራቸው። ስለዚህ በ50ኛው ዓመት፥ ይኸውም በኢዮቤልዩ፥ ከድኽነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ አዘዘ። እንግዳ የሆነ ሰው ባደረበት ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ቢቈልፍበት ባለቤቱ ምን ይለዋል?

3. ስለ በሬ፥ ስለ ተራና ስለ አውድማ

አሁን ከእስራኤል ምድር ወደ ገዛ ምድራችን እንመለስ። በሬ በሚጠመድበት በአገራችን ስፍራ ሁሉ በሬ የያዘ ሰው የባልንጀራውን ሕይወት ይዞአል። ይህንም አያቶቻችን በመከራ ተምረውታል። ከ1880 ዓ.ም. እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን ዘመን ክፉ ቀን ብለው ጠርተውታል። የከብት በሽታ ከምጽዋ ወገን ገብቶ በሬዎችን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። መሬቱ በስፍራው ነበረ፤ የሚያርሰው በሬ ግን ታጣ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ እንደ ሆኑ ታሪክ ይመሰክራል።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ይህ ልማድ መልካም ነው። በእርሱ ውስጥ ግን አንድ ፈተና አለ። ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ቀን ይዘንባል፤ በሬዎቹ ግን በአንድ ቀን በሁለት እርሻ አይውሉም። የማን መሬት ቀድሞ ይታረስ? ብርቱው ሁልጊዜ የእኔ ይቅደም ቢል፥ የደካማው ዘር ዘግይቶ ይወድቃል፥ ፍሬውም ሳይሞላ ዝናቡ ያልቃል። በአፍ ሲነገር እኩል ናቸው፤ በመከር ጊዜ ግን የአንዱ ጎተራ ሞልቶ የሌላው ባዶ ነው። ስለዚህ ተራ ራሱ ጎሞር ነው፤ እህል በቁና እንደሚሰፈር ጊዜም በተራ ይሰፈራል። የመስኖ ውሃ የምትካፈሉ ሰዎች ሆይ፥ ይህ ቃል ለእናንተም ነው። ከላይ ያለው ውሃውን ሌሊት ቢያስቀር፥ በታች ያለው ሰው ቡቃያ በቀን ይጠወልጋል።

እንዲሁም አንዲት ባልቴት አስብ። ባሏ ሞቶአል፤ ልጆቿ ገና ለሞፈር አልደረሱም። መሬት አላት፥ በሬ ግን የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለባለ በሬ ጎረቤቷ በእኩል ሰጠች። እርሱም አረሰ፥ ዘራ፥ አጨደ፥ ወቃም። በዚህ እስካሁን በደል የለም፤ ላቡ ዋጋ ይገባዋል። የመካፈያው ቀን ደርሶ እርሷ ባዶ ጆንያዋን ይዛ በአውድማው ዳር ተቀመጠች። አንባቢ ሆይ፥ ያ ባለ በሬ አንተ ብትሆን እንጠይቅህ። ዘሩን ከጠቅላላው ምርት ቀነስህን ወይስ ከእርሷ ድርሻ ብቻ? ጭዱን ማን ወሰደው? ምርቱን በምን ሰፈርኸው? ቁናው ለአንተ ሲሰፈር ተከምሮ፥ ለእርሷ ሲሰፈር በእጅህ ተጠርጎ አልነበረምን? ከአውድማው ግርጌ አፈርና ገለባ የተቀላቀለበትን እህል በማን ጆንያ አደረግኸው?

እርሷ ግን ዝም አለች። ዝምታዋን ስምምነት አታድርገው። ዝም ያለችው ለከርሞም በሬህን ስለምትፈልግ ነው። ከአንተ ጋር ብትጣላ መሬቷ ጦሙን ያድራል፤ ልጆቿም እንዲሁ። በዘዳግም በምዕራፍ 25 አንዱ ታላቅ አንዱ ታናሽ የሆነ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በቤት እንዳይኖር ተከልክሎአል። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 8 መስፈሪያውን እያሳነሱ ዋጋውን የሚያበዙትን፥ የስንዴውን ግርድ የሚሸጡትን ይወቅሳቸዋል። ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 ለአጫጆች ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፥ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል። የባልቴቲቱ አፍ ዝም ቢልም በጎተራህ ያለው እህል ዝም አይልም።

4. እህል ሳለ ሰው እንደሚራብ

ምናልባት፦ በአንድ ቁና መጓደል ይህን ያህል መናገር ምን ይጠቅማል? ትል ይሆናል። ቁና ከቁና ተጨምሮ አገር ይሆናል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ቤታቸውን ትተው የወጡ ሰዎች በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው አላፊውን ይለምኑ ነበር። በሕንድ የተወለደ አማርትያ ሴን የተባለ የታወቀ ሊቅ ይህን ረኃብ መርምሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎአል። እርሱ እንዳስረዳው፥ በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ የተገኘው እህል እጅግ የጎደለ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ከወሎም ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበረ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዝናብ ጠፍቶ ሰብሉ የደረቀበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ አላጣም፤ የሚገዛበትንም አጣ። ከብቱም በረከሰ ዋጋ ተሸጠ። እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ስፍራ ሄደ። ርኅራኄ ያላቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ አልጠፉም፤ ነገር ግን የተራበው ሰው ድርሻ የሚሰፈርበት ጎሞር አልነበረም።

በነህምያ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ሆኖአል። በምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈ፥ በራብ ጊዜ ድኆቹ እርሻቸውንና ወይናቸውን ለእህል አስያዙ፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት አሳልፈው ሰጡ። አበዳሪዎቹም ባዕዳን አልነበሩም፤ የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ነህምያ ይህን ሰምቶ ተቈጣ፤ ይሁን እንጂ ባለጠጎቹ ምጽዋት እንዲሰጡ ብቻ አልለመናቸውም። እርሻውን፥ ወይኑን፥ ወይራውንና ቤቱን፥ ከመቶ አንድ የወሰዱትንም በዚያው ቀን እንዲመልሱ አዘዘ። እርሱም ራሱ በገዥነቱ 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልተቀበለም። አስቀድሞ የገዛ እጁን የሰፈረ ሰው ስለ ሆነ፥ ሌላውን መልስ ሊል ቻለ።

5. ጎሞር በከተማ

ምናልባት አንተ በከተማ ትኖር ይሆናል፤ አውድማም የለህም። መስፈሪያው ግን በቤትህ አለ። በማለዳ ተነሥታ እሳት የምታነድልህ ሠራተኛ ደመወዟ በቀኑ ይከፈላታልን? ወይስ ትንሽ ቆይቶ እያልህ ወር ታሳልፋለህ? በዘዳግም በምዕራፍ 24 የድኃ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ታዝዞአል፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ናትና። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ስትኖር፥ የአንተ በርሜሎች ሁሉ እስኪሞሉ ድረስ በግቢህ በኪራይ ለሚኖሩት ሰዎች ቧንቧውን ትዘጋባቸዋለህን? በዘጸአት በምዕራፍ 2 የምድያም ካህን ልጆች ውሃ ቀድተው ገንዳውን ሊሞሉ በመጡ ጊዜ እረኞች አባረሩአቸው። ሙሴ በዚያ አገር ስደተኛ ሳለ ተነሥቶ ረዳቸው፥ በጎቻቸውንም አጠጣ። መናውን በጎሞር ያሰፈረው ሰው አስቀድሞ በውሃ ጕድጓድ አጠገብ ፍትሕን የወደደ ሰው ነበር።

አባትህ ሞቶ ከእኅትህ ጋር ውርስ ስትካፈል፥ እርሷ ባል አላት ብለህ ድርሻዋን በፈገግታ ታስቀርባታለህን? በዘኍልቍ በምዕራፍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት በጠየቁ ጊዜ፥ እግዚአብሔር የተናገሩት ትክክል እንደ ሆነ ፈረደላቸው።

የጋራ ገንዘብ የሚጠብቁ ሰዎች ሆይ፥ የእድር ዳኞች፥ የማኅበር ገንዘብ ያዦች፥ የርዳታ እህል ስም ዝርዝር የምትጽፉ ሁሉ፥ ለእናንተ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይነበብላችሁ። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ስለ ተረሱ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ይህን ማጕረምረም አልናቁትም፤ ጥያቄ ያነሣውንም ሰው ከዝርዝሩ አልፋቁትም። መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ከእነርሱም እስጢፋኖስና ፊልጶስ ነበሩ። የተመረጡት ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው፤ የተረሱት ወገኖች በሚሰፈርበት ስፍራ እንዲቆሙ ተደረገ ማለት ነው። ጳውሎስም የቆሮንቶስን ርዳታ ብቻውን አልተሸከመም፤ ነቀፌታ እንዳይኖር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ሐዋርያው በሰው ፊት ሒሳቡን ለማሳየት ካላፈረ፥ አንተ ስለ ምን መዝገብህን ትሰውራለህ? ዘመድህን በመጀመሪያው መስመር ጽፈህ፥ ደጋፊ የሌላትን አሮጊት ወረቀቱ አለቀ ብለህ ብትመልሳት፥ በእግዚአብሔር ፊት ያለው መዝገብ አላለቀም።

6. ሰው የሚያመጣቸው ምክንያቶች

አንዱ፦ በላቤ ያገኘሁት ነው ይላል። እውነት ነው፤ መናም በላብ ይለቀም ነበር። ጉልበቱን፥ ጤናውን፥ ዝናቡን፥ ያስተማሩህን ወላጆች ግን በምን ላብ ገዛሃቸው?

ሁለተኛው፦ ድኆች ሰነፎች ናቸው ይላል። ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ለተሰሎንቄ ሰዎች መጻፉ እውነት ነው። ነገር ግን ሊሠራ የማይወደውና የሚሠራበትን ያጣው አንድ አይደሉም። በአውድማው ዳር ጆንያዋን ይዛ የተቀመጠችው ባልቴት መሬቷን ሰጥታለች። ድርሻዋን የከለከላት ሰው ሰነፍ ብሎ ቢሰድባት በደሉን እጥፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፦ ለነገ ማስቀመጥ ይገባል ይላል። ይገባል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዓመታት የምርቱን አምስተኛ እጅ እንዲከማች መከረ፤ የከማቸውም ሰው ሁሉ በራብ ጊዜ እንዲድን ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ አሰበ፤ ነገር ግን የተናገረው ለራሱ ነፍስ ብቻ ነበር፥ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። የዮሴፍ ጎተራና የዚህ ሰው ጎተራ በውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ እህል በሚወደድበት ወር ግን ይለያያሉ። የዮሴፍ ጎተራ ያን ጊዜ ይከፈታል፤ የስስታሙ ግን ዋጋው ገና ይጨምራል ተብሎ ያን ጊዜ ይቈለፋል። እህልን የሚያስቀር ሰው በሕዝብ ዘንድ እንደሚረገም መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 ይናገራል።

አራተኛው፦ እኔም ድኃ ነኝ፥ ምን አለኝና? ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ ፍትሕ ከብዙ ገንዘብ አይጀምርም። ተራህን አለመስረቅ፥ ቁናህን አለማጕደል፥ ለልጅህና አብራ ለምታድገው የዘመድ ልጅ አንድ ዓይነት ወጥ ማውጣት ለድኃም ይቻላል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። አንድ ሎሚ የያዘ ሰውም ከሃምሳው አንዱ ነው።

7. የቀራጩ መልስ

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠየቅንህ ጥያቄ እንመለስ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 19 በኢያሪኮ የነበረ የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ይባል ነበር። ጌታችን ኢየሱስ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ ቆሞ ሁለት ነገር ተናገረ። ከገንዘቡ እኵሌታውን ለድኆች እንደሚሰጥ ተናገረ፤ በማታለልም የወሰደበት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ እንደሚመልስለት ተናገረ። እነዚህን ሁለቱን አላደባለቃቸውም። የመጀመሪያውን ስጦታ አለው፤ ሁለተኛውን መመለስ አለው። ከበደለው ሰው ገንዘብ ላይ ቈንጥሮ ለሌላ ድኃ በመስጠት በደሉን አልሸፈነም። የድኃውን ድርሻ ይዞ ጥቂቱን የሚመልስ ሰው ምን ይባላል ብለን ነበር፤ ዘኬዎስ እንደሚነግርህ ባለ ዕዳ ይባላል። ዕዳውን በክፉ ልብ የሚያስቀር ከሆነም ከዚህ የከፋ ስም አለው። ይህን ዕዳ ሳይከፍል የሚመጸውት ሰው በሰው ገንዘብ ይመሰገናል።

ዘኬዎስ ይህን የተናገረው ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንደ ሆነ ደግሞ አስተውል። መልሶ ስለ ከፈለ ጌታን አልገዛውም፤ ጌታ ስለ ጐበኘው እጁ ተፈታ። ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኃ የሆነውን ክርስቶስን ያየ ሰው በአንድ ቁና ሊከራከር ያፍራል። በደምና በሥጋው የተካፈልን ሁሉ ከአንድ ማዕድ ነን። የቆሮንቶስ ሰዎች በጌታ ማዕድ ቀርበው አንዱ ሲራብ አንዱ በሰከረ ጊዜ፥ ሐዋርያው ያ እራት የጌታ እራት እንዳልሆነ ነገራቸው። በቤተ ክርስቲያን አንድ እንጀራ ቈርሰን በአውድማ ሁለት ቁና ብንይዝ ምን እንላለን?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አንብበህ መልካም ተናገረ ብለህ ብቻ አትለፍ። ዛሬ ማታ መብራት ሳታጠፋ ሦስት ነገር አድርግ። አስቀድመህ በቤትህ ያለውን የሰው ድርሻ በልብህ ቍጠር፤ ያልተከፈለ ደመወዝ፥ የተጓደለ ቁና፥ የታለፈ ተራ፥ የተያዘ ውርስ። ቀጥለህ የሰውየውን ስም በእግዚአብሔር ፊት ጥራ፤ የተበደለ ሰው ስም አለውና። በመጨረሻም ነገ በማለዳ ተነሥተህ ወደ እርሱ ሂድ። ሰው አትሰብስብ፤ አታውጅ። ዘንድሮ ስንካፈል ተሳስቼ ነበር፥ ይኸው ድርሻሽ በላት። ይህች አጭር ቃል ታፍራለች ብለህ አትፍራ፤ ከመቶ ስብከት ይልቅ ወንጌልን ትናገራለች። ምናልባት ባልቴቲቱ ታለቅሳለች። ምናልባትም ምንም ሳትናገር ትቀበልሃለች። ምስጋና ብታጣ አትዘን፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ነጻ ሆነ እንጂ ባለ ውለታ አልሆነምና። ጎተራህ በዚያን ዕለት ጥቂት ይጎድላል፤ የቀረው ግን ትል የሌለበት መና ይሆንልሃል።

እንጸልይ። እንጀራችንን የምትሰጠን አባት ሆይ፥ መብሉን ስትሰጠን መስፈሪያውንም በእጃችን አኑር። ለራሳችን ስንሰፍር ተከምሮ ለባልንጀራችን ስንሰፍር ተጠርጎ የነበረውን ቁናችንን ይቅር በለን። የወሰድነውን እንድንመልስ ድፍረት፥ ያለንን እንድንካፈል ደስታ ስጠን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።